በትንሽ የግል ኩሬ ውስጥ አልጌ እንዳይበዛ ስለ መቆጣጠር

1. መግቢያ

በአገራችን በየማሳው ጥግ፣ በየአትክልቱ ቦታና በየግቢው ትንንሽ ኩሬዎች ይቆፈራሉ። አንዳንዱ ኩሬ የክረምቱን ዝናብ አጠራቅሞ በበጋ ጎመንና ሽንኩርት ለማጠጣት፣ አንዳንዱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ለማርባት፣ አንዳንዱም ለከብት መጠጥ የተዘጋጀ ነው። ባለ ኩሬው ገንዘቡንና ጉልበቱን አፍስሶ ካስቆፈረ በኋላ ግን ያላሰበው እንግዳ ይመጣበታል። በክረምት ደፍርሶ የነበረው ውሃ በመስከረም ይጠራል፤ በኅዳር አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያም እንደ ጠጕር የተጠላለፈ ወይም እንደ ቀለም የረጋ ነገር በላዩ ይጋረድበታል። አንድ ቀን ማለዳ ወደ ኩሬው ሲወርድ ዓሦቹ ሞተው ተንሳፍፈው ያገኛቸዋል። በዚህ ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «መድኃኒት ጨምርበት» የሚል ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ መድኃኒት የተባለው ነገር መታሰብ የሚገባው ከሁሉ በፊት ሳይሆን ከሁሉ በኋላ መሆኑን ነው። እንዲያውም በአገራችን ደጋ ውስጥ በምትገኝ ኩሬ ያለ ጥንቃቄ የተጨመረ መድኃኒት ከአልጌው ይልቅ ዓሣውን ሊፈጅ እንደሚችል በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ለአስረጂነት እንዲያመች አንዲት የምሳሌ ኩሬ እንወስዳለን። ርዝመቷ 10 ሜትር፣ ወርዷ 10 ሜትር፣ ጥልቀቷ በአማካይ 1 ሜትር ይሁን። ይህች ኩሬ 100 ሜትር ኩብ፣ ማለት 100,000 ሊትር ውሃ ትይዛለች። በሚቀጥለው ክፍል ሁሉ ሒሳባችንን የምንሠራው በዚህች ኩሬ ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

2. አልጌ ምን እንደ ሆነና ዐይነቶቹ

አልጌ፣ በአንዳንድ የሳይንስ መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው፣ እንደ ሌሎቹ ዕፀዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ፣ ነገር ግን እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌለው ፍጥረት ነው። ለባለ ኩሬ በሦስት ከፍሎ ማወቁ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው በውሃው ውስጥ ተበትኖ የሚኖረውና በዐይን ለይቶ ማየት የማይቻለው ረቂቅ አልጌ ነው። ይህ ሲበዛ ውሃው ራሱ አረንጓዴ ይመስላል። ሁለተኛው የጠጕር አልጌ ልንለው የምንችለው ሲሆን፣ እንደ ስፓይሮጋይራና ክላዶፎራ ያሉት በዚህ ክፍል ይገኛሉ። በኩሬው ወለልና በድንጋይ ላይ ይበቅልና በውስጡ የኦክሲጅን አረፋ ሲታቈር ተነሥቶ በላይ ይንሳፈፋል። ሦስተኛው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ እየተባለ የሚጠራው ነው። ይህ እንደ እውነቱ ከሆነ የባክቴሪያ ወገን ስለ ሆነ ሊቃውንት ሳያኖባክቴሪያ ይሉታል። ከሦስቱ ይልቅ የሚያሠጋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከወገኖቹ አንዳንዶቹ መርዝ ያመነጫሉ።

እነዚህን ለመለየት ማይክሮስኮፕ የግድ አያስፈልግም። አንድ ደረቅ እንጨት ወስዶ በአልጌው ውስጥ አጥልቆ ማንሣት ነው። እንደ ክር ተንጠልጥሎ ከወጣ የጠጕር አልጌ ነው፤ እንጨቱን እንደ ቀለም ቀብቶት ከወጣ ግን ሰማያዊ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መፈተኛ ደግሞ የብርጭቆ ዕቃ ነው። ከላይ ካለው ዝቃጭ ሳይሆን ከውሃው ውስጥ ቀድቶ የዕቃውን ሦስት አራተኛ ያህል ሞልቶ፣ ከድኖ ሳያንቀሳቅሱ ማሳደር ነው። በማግሥቱ አረንጓዴው ነገር ወደ ታች ከዘቀጠ ረቂቅ አረንጓዴ አልጌ ነው፤ በላይ እንደ ቀለበት ከተሰበሰበ ግን፣ ብዙዎቹ ሳያኖባክቴሪያዎች በውስጣቸው አየር የያዘ ከረጢት ስላላቸው፣ ከእነርሱ ወገን መሆኑን ያስጠረጥራል። ዕቃውን የሚነካ ሰው ውሃው እጁን እንዳይነካው መጠንቀቅ አለበት።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው አንድ ስሕተት አለ። እምቦጭና በውሃ ላይ የሚንሳፈፉት ትንንሽ ቅጠሎች አልጌ አይደሉም፤ ሥርና ቅጠል ያላቸው ዕፀዋት ናቸው። እምቦጭ በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ ያደረሰውን ጉዳት ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ አልጌን በጥላ ለማጥፋት ብሎ እምቦጭን ወደ ኩሬ ማምጣት ቁንጫ ፈርቶ ጅብ እንደ ማስገባት ነው።

አልጌ ሁሉ ጠላት አለመሆኑንም መናገር ይገባናል። በቢሾፍቱ አጠገብ የሚገኘው አረንጓዴ የሚባለው ሐይቅ ስሙን ያገኘው ስፒሩሊና እየተባለ ከሚታወቀው ሳያኖባክቴሪያ ነው። ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 ባሳተሙት ጥናት በዚህ ሐይቅ ውስጥ የተለካው ከብርሃን ምግብ የመሥራት ፍጥነት በጣም ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በቻድ ሐይቅ አካባቢ የካኔምቡ ሕዝብ ይህንኑ ስፒሩሊና ሰብስቦ አድርቆ ይመገበዋል። ዓሣ ለሚያረባ ሰውም ቀለል ያለ አረንጓዴ ውሃ የምግብ ምንጭ እንጂ በሽታ አይደለም። እንግዲህ ጥያቄው አልጌን ፈጽሞ ስለ ማጥፋት ሳይሆን ከልክ እንዳያልፍ ስለ ማድረግ ነው።

3. ስለ ምን ይበዛል?

አልጌ ለማደግ ብርሃን፣ ሙቀትና ምግብ ያስፈልገዋል። ብርሃንና ሙቀት በአገራችን ዓመቱን ሙሉ አይጠፉም። በኤውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚገኙ ኩሬዎች የተጻፉት መመሪያዎች «በፀደይ ይህን አድርግ፣ በመጸው ያን አድርግ» የሚሉት ውሃው በክረምት በረዶ ሆኖ አልጌው ስለሚያርፍ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ዕረፍት የለም። በእኛ ዘንድ የዕረፍቱን ቦታ በጥቂቱ የሚይዘው የክረምቱ ደመናና ጭቃ ነው፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ብርሃን ርቆ አይገባምና። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ጎርፉ ከማሳና ከግጦሽ ያመጣው ምግብ ግን በኩሬው ውስጥ ይቀራል። በመስከረምና በኅዳር መካከል አልጌው በድንገት የሚነሣበት ምክንያት ይህ ነው።

ከምግቦቹ መካከል ዋናዎቹ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ወሳኝ እንደ ሆነ ለማወቅ በካናዳ በኦንታሪዮ ግዛት አንድ ዝነኛ ሙከራ ተደርጓል። ሺንድለር የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ቁጥር 226 የሚባለውን ትንሽ ሐይቅ ወገቡ ላይ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በ1973 በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጂን ጨመሩ፤ በአንደኛው ወገን ብቻ ደግሞ ፎስፎረስ አከሉበት። ፎስፎረስ የገባበት ወገን በሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ተሸፈነ፤ ሌላው ወገን ግን እንደ ጠራ ቀረ። ከአየር ላይ የተነሣው የሐይቁ ፎቶግራፍ ብዙ ሰው ያሳመነ ማስረጃ ሆኗል። በሞቃት አገር ውሃዎች ናይትሮጂን የሚያንስበት ጊዜ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ሳያኖባክቴሪያዎች የጎደላቸውን ናይትሮጂን ከአየር መውሰድ ስለሚችሉ ባለ ኩሬው በመጀመሪያ ሊጠብቀው የሚገባው በር የፎስፎረስ በር ነው።

አሁን ወደ ምሳሌ ኩሬያችን እንመለስ። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 0.1 ሚሊግራም ፎስፎረስ ከተገኘ ያ ውሃ እጅግ የበለጸገ፣ አልጌ የሚያጥለቀልቀው ውሃ ይባላል። ለ100,000 ሊትር ይህ ሲባዛ 10 ግራም ይሆናል። 10 ግራም ፎስፎረስ ከየት ይመጣል? ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ በክብደቱ ከመቶ 20 እጅ ያህል ፎስፎረስ አለው። ስለዚህ 50 ግራም ዳፕ፣ ማለት የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ማዳበሪያ፣ ኩሬዋን ለመለወጥ ይበቃል። ትኩስ የከብት እበት ደግሞ በ1 ኪሎ ውስጥ በግምት 1 ግራም ፎስፎረስ ስለሚይዝ፣ አንዲት ላም በአንድ ቀን የምትጥለው እበት ወደ ውሃው ቢገባ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የሳሙና ዕጣቢ፣ የተረፈ የዓሣ መኖ፣ የዳክዬ ኩስና የረገፈ ቅጠልም በዚሁ ሒሳብ ይደመራሉ።

ከዚህም በላይ ኩሬው ራሱ ያጠራቀመው ሀብት አለ። ሞርቲመር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1941 እና በ1942 ባሳተማቸው ጥናቶች እንዳስረዳው፣ በወለሉ ላይ ያለው ጭቃ ኦክሲጅን ሲያጣ ከብረት ጋር ተያይዞ የነበረው ፎስፎረስ ተፈትቶ ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ጭቃው ያልተጠረገ ኩሬ ከውጭ ምንም ባይገባበት እንኳ ከውስጡ ምግብ ያገኛል።

4. የሚያደርሰው ጉዳት

ሀ) የኦክሲጅን ማጠር። አልጌ በቀን ኦክሲጅን ያመነጫል፤ በሌሊት ግን እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ፍጥረት ኦክሲጅን ይተነፍሳል። ስለዚህ በአልጌ በተሞላ ኩሬ ውስጥ ኦክሲጅን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከመጠን በላይ ይሆናል፤ ጎሕ ሳይቀድ ደግሞ ወደ ምንም ይጠጋል። ዓሣው የሚሞተው በዚህች ሰዓት ነው። ባለቤቱ በቀትር መጥቶ ቢያይ ምንም የጎደለ ነገር አያገኝም።

በዚህ ረገድ የደጋው ኩሬ ከቈላው ይልቅ የተጎዳ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በ1 ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ከአየር ተቀብሎ ሊይዝ ይችላል። ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር በሚደርስበት በአዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ይኸው ውሃ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላለትም። በሌላ አነጋገር የደጋ ኩሬ ሌሊቱን የሚጀምረው ከጎደለ ጎተራ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ መመሪያ ይህን አያስብም፤ እኛ ግን ማሰብ ግድ ይሆንብናል።

ለ) መርዝ። ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ ሰው በ1878 በአውስትራሊያ አሌክሳንድሪና ከሚባለው ሐይቅ የጠጡ ከብቶች መሞታቸውንና ምክንያቱም በላዩ የተጋረደው አልጌ መሆኑን ጽፎ አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዐይነት መርዞች ተለይተዋል፤ አንዳንዱ ጉበትን፣ አንዳንዱም ነርቭን ይጎዳል። በአገራችንም ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ በቆቃ ግድብ ሐይቅ በብዛት መታየቱ በጥናት ተመዝግቧል። ይህን መርዝ ውሃውን ማፍላት አያጠፋውም። ስለዚህ በላዩ እንደ ቀለም የረጋ ነገር የታየበት ኩሬ እስኪጠራ ድረስ ሰው እንዳይጠጣው፣ ሕፃናት እንዳይዋኙበት፣ ከብትም እንዳይወርድበት ማጠር ያስፈልጋል።

5. መከላከያው በቅደም ተከተል

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ከሁሉ የሚረክሰውና የሚጸናው ሥራ ምግቡ ወደ ኩሬው እንዳይገባ መከልከል ነው። የሚከተሉትን እንደየደረጃቸው እናቀርባለን።

1ኛ) ጎርፉን መግራት። ጎርፉ በቀጥታ ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት ትንሽ የደለል ጉድጓድ መቆፈር፣ በጉድጓዱና በኩሬው መካከልም ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው የሣር መደብ መተው ያስፈልጋል። ፎስፎረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ደለሉን የያዘ ሰው ፎስፎረሱን ያዘ ማለት ነው። ጉድጓዱ ከየክረምቱ በኋላ ካልተጠረገ ግን ጥቅም የለውም። የዝናቡ መጀመሪያ ጎርፍ ወሩን ሙሉ የተከማቸውን እበትና ትቢያ ጠርጎ ስለሚመጣ፣ ከተቻለ ይህን የመጀመሪያ ጎርፍ በቦይ አሳልፎ መልቀቅ፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ወደ ኩሬው ማስገባት ይሻላል።

2ኛ) ከብቱን ማራቅ። ከብት በኩሬው ውስጥ ቆሞ ሲጠጣ ጭቃውን ይበጠብጣል፣ እበቱንም ይጥላል። ኩሬውን በእሾህ ወይም በሌላ አጥር ማጠርና ውሃውን በቱቦ ወይም በባልዲ ወደ ውጭ ገንዳ አውጥቶ ማጠጣት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ልብስ የሚታጠብበትም ቦታ ዕጣቢው ወደ ኩሬው በማይወርድበት ወገን ይሁን።

3ኛ) በእጅ ማውጣት። የጠጕር አልጌ በመንሽ ወይም በመቧጠጫ ተጎትቶ ሲወጣ በውስጡ የያዘው ፎስፎረስም አብሮ ይወጣል። ከኩሬያችን ውሃው የተንጠፈጠፈ 20 ኪሎ አልጌ ብናወጣ ደረቁ ክብደት 2 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ከሺህ 3 እጅ ያህል ፎስፎረስ ነው ብንል 6 ግራም እናገኛለን። ይህ ቀደም ብለን ካሰላነው የ10 ግራም ዕዳ ከግማሽ በላይ ነው። ሁለት ሰዎች ይህን በግማሽ ቀን ሊሠሩት ይችላሉ። የወጣው አልጌ ተመልሶ በማይታጠብበት ቦታ ከገለባና ከአፈር ጋር ተደባልቆ ብስባሽ ቢሆን ለጎመን መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። በበጋ ውሃው ሲጎድልም ወለሉ ላይ ያለውን ጥቁር ጭቃ አውጥቶ ወደ ማሳ መውሰድ ሁለት ጥቅም አለው፤ ማሳው ይጠግባል፣ ኩሬውም ይጠልቃል።

4ኛ) ጥላ። ብርሃን ሲቀንስ አልጌው ይቀንሳል። ከውሃው ፊት ሲሶ ወይም ግማሽ ያህሉን መሸፈን በቂ ነው። በዳርቻው ላይ እንጨት ተክሎ በማገር አያይዞ የቅል ወይም የዱባ ሐረግ ማስወጣት፣ ወይም በሰሌን መሸፈን ይቻላል። ጥላው ከውሃው የሚተነውንም ይቀንሳል። ቅጠሉን የሚያራግፍ ትልቅ ዛፍ ግን በውሃው ላይ ጐንበስ ብሎ እንዲያድግ አይመከርም፤ የሚሰጠውን ጥላ በሚጥለው ቅጠል ያስከፍላልና። ከጥላው ጋር ጥልቀቱም ይታሰብበት፤ ከግማሽ ሜትር በታች የሆነ ዳርቻ ሁሉ ብርሃን እስከ ወለሉ ስለሚደርስበት ለጠጕር አልጌ የተመቸ መደብ ነው።

5ኛ) ሕይወት ባላቸው ፍጥረታት መጠቀም። የውሃ ቁንጫ የሚባሉት እንደ ዳፍንያ ያሉ ደቃቅ ፍጥረታት ረቂቁን አልጌ እያጣሩ ይበላሉ። ትንንሽ ዓሦች ሲበዙ ግን የውሃ ቁንጫዎቹን ይጨርሷቸዋል፤ አልጌውም ጠባቂ አጥቶ ይበዛል። ቆሮሶ ራሱ አልጌ ይመገባል። ሞሪያርቲ በ1973 ባሳተመው ጥናት በዩጋንዳ በጆርጅ ሐይቅ የሚኖረው ቆሮሶ በጣም ኮምጣጣ በሆነው የጨጓራ አሲድ ሰማያዊ አረንጓዴውን እንኳ እንደሚፈጨው አሳይቷል። ሆኖም ዓሣው የበላውን ፎስፎረስ አብዛኛውን መልሶ በውሃው ውስጥ ይጥለዋል። ፎስፎረሱ በእውነት ከኩሬው የሚወጣው ዓሣው ተጠምዶ ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ነው። ስለዚህ ቆሮሶ ረዳት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ መኖ እየጨመሩለት አልጌውን ይጨርሳል ብሎ መጠበቅም ስሕተት ነው።

6ኛ) የገብስ ገለባ። በእንግሊዝ አገር ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የገብስ ገለባ በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳያድግ የሚከለክል ነገር እንደሚሰጥ ታውቆ ብዙ ተሞክሯል። ልኩ ለ1 ሜትር ካሬ የውሃ ፊት ከ10 እስከ 50 ግራም ነው፤ በመካከለኛው፣ በ25 ግራም ብንሄድ ለኩሬያችን 2 ኪሎ ተኩል ያስፈልጋታል። ገለባው ሳይታመቅ በመረብ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከውሃው ፊት ሳይርቅ መንሳፈፍ አለበት፤ የሚሠራው ኦክሲጅን ባለበት ሲበሰብስ ነውና። ሦስት ነገሮች ግን መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ የነበረውን አልጌ አይገድልም፤ አዲሱን ይከላከላል እንጂ። ሁለተኛ፣ በሞቃት ውሃ ሥራውን ለመጀመር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ልኩን አብዝቶ መጨመርም በመበስበሱ ኦክሲጅን ይጨርሳል። በአገራችን ለሚሞክረው ሰው የተመቸው ጊዜ ውሃው መጥራት በሚጀምርበት በመስከረም ውስጥ፣ አልጌው ገና ሳይነሣ ነው።

6. ስለ ኮፐር ሰልፌት

ሙርና ኬለርማን የተባሉ አሜሪካውያን በ1904 ኮፐር ሰልፌት የሚባለው ሰማያዊ የመዳብ ጨው በጥቂቱ ሲጨመር አልጌን እንደሚገድል ካሳወቁ ወዲህ ይህ ጨው በዓለም ሁሉ ተሠርቶበታል። አልጌን መግደሉን አንክድም። የምንጠይቀው ከገደለ በኋላ ምን ይሆናል ብለን ነው።

የኩሬያችን 10 ግራም ፎስፎረስ ቢያንስ 1 ኪሎ ደረቅ ክብደት ያለው ረቂቅ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። ይህ አልጌ በአንድ ጊዜ ቢሞትና ቢበሰብስ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈጃል። በደጋ የምትገኘው ኩሬያችን ግን በ1 ሊትር 7 ሚሊግራም ብትይዝ በጠቅላላው ያላት ኦክሲጅን 700 ግራም ብቻ ነው። ከአየሩ የሚገባው ጥቂት በጥቂት ስለ ሆነ ጉድለቱን በጊዜው አይሞላውም። እንግዲህ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ አልጌው በተገደለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓሣው ይከተለዋል። ከአልጌው ሬሳ የተለቀቀው ፎስፎረስም በውሃው ውስጥ ስላለ ከሳምንታት በኋላ አዲስ አልጌ ይነሣል። መዳቡ ግን በጭቃው ውስጥ ይከማቻል።

ሁለተኛው ችግር የውሃው ጠባይ ነው። የጨው ልክ የሚወሰነው አልካሊኒቲ በሚባለው፣ ውሃው አሲድን ለመቋቋም ባለው ኃይል ነው። በተለመደው ደንብ በ1 ሊትር 100 ሚሊግራም አልካሊኒቲ ላለው ውሃ 1 ሚሊግራም ኮፐር ሰልፌት ይሰጣል። አልካሊኒቲው ከ50 በታች በሆነ ውሃ ግን ጨው ለዓሣ መርዝ ስለሚሆን አይመከርም፤ በጣም ከፍ ባለበት ውሃ ደግሞ መዳቡ ቶሎ ስለሚዘቅጥ አይሠራም። አሁን የአገራችንን ውሃ እንመልከት። በደጋ የዝናብ ውሃ ብቻ ያጠራቀመ ኩሬ ብዙ ጊዜ አልካሊኒቲው ዝቅተኛ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉት ብዙዎቹ ውሃዎች ደግሞ ከፍተኛ ናቸው። በአንደኛው ዓሣውን ይገድላል፣ በሁለተኛው አልጌውን አይገድልም ማለት ነው። ስለዚህ አልካሊኒቲውን ሳይለኩ ጨው መጨመር በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ይሆናል።

ሦስተኛው ችግር መርዙ ነው። ሳያኖባክቴሪያ ሲሞት ሕዋሱ ይፈነዳና በውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይፈስሳል። በ1979 በአውስትራሊያ በፓልም ደሴት የመጠጥ ውሃ በሚወጣበት ግድብ ላይ አልጌ ስለ ታየ ኮፐር ሰልፌት ተጨመረበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ 148 ሰዎች፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ ሕፃናት፣ በጉበትና በኩላሊት ሕመም ተያዙ። አልጌው ሕይወት እያለው በሕዋሱ ውስጥ ይዞት የነበረውን መርዝ ያወጣው መድኃኒቱ እንደ ሆነ በኋላ ታወቀ።

ከዚህ የተነሣ የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። ውሃው ለሰው ወይም ለከብት መጠጥ የሚውል ከሆነ ኮፐር ሰልፌት ፈጽሞ አይጨመር። ሌላ መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነና አልካሊኒቲው ተለክቶ ከታወቀ ብቻ፣ የኩሬው ሲሶ ዛሬ፣ ሌላው ሲሶ ከሳምንት በላይ ቆይቶ እየሆነ፣ ያውም አልጌው ሳይበዛ ገና ሲጀምር ይሁን።

7. ውሃውን ስለ መለካት

ባለ ኩሬው የሚያደርገው ነገር መጥቀም አለመጥቀሙን የሚያውቀው ሲለካ ነው። ለዚህ ሴኪ የተባለው ኢጣልያዊ ቄስና የኮከብ ተመራማሪ በ1865 የሞከረው ዘዴ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ነጭ ሳሕን በክብደት ታስሮ፣ በየ10 ሴንቲሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሳሕኑ ከዐይን የተሰወረበት ጥልቀት ይመዘገባል። ልኬቱ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ቢሆን ይሻላል። ዓሣ ለሚረባበት አረንጓዴ ውሃ 30 ሴንቲሜትርና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ መልካም ነው። ከ20 ሴንቲሜትር በታች ከወረደ መኖና ፍግ ወዲያው ይቁም፣ ከተቻለም ንጹሕ ውሃ ይጨመር። ዓሦቹ በማለዳ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፋፍቱ ከታዩ ጊዜ የለም፤ ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ እንኳ አየር ያስገባል። ለአትክልት ማጠጫ ብቻ በሆነ ኩሬ ውስጥ ግን ረቂቅ አልጌ ብዙ አያሳስብም፤ የሚያስቸግረው ቱቦ የሚደፍነው የጠጕር አልጌ ነው። ስለዚህ ማናቸውንም ሥራ ከመጀመር በፊት «ይህች ኩሬ ለምን ተቆፈረች?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው የአልጌ መብዛት የኩሬው በሽታ ሳይሆን ከኩሬው ውጭ ያለው ነገር ምልክት ነው። ማሳው ያጣው ማዳበሪያ፣ በረቱ ያጣው እበት በኩሬው ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛውን ማዳበሪያ ጎርፍ ወስዶት፣ እንደገና በገንዘቡ መድኃኒት ገዝቶ ሊገድለው ይነሣል፤ በዚህ ሁለት ጊዜ ይከስራል። ደለሉን በጉድጓድ ይዞ ወደ ማሳው የመለሰ፣ አልጌውን አውጥቶ ብስባሽ ያደረገ ሰው ግን ያንኑ ሀብት ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል።

ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቅርበን እንፈጽማለን። አንድ ነጭ ሳሕን፣ አንድ ገመድና አንድ ደብተር ዋጋቸው ጥቂት ነው። እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በሰፈራችን ያለችውን አንዲት ኩሬ ከመስከረም እስከ ጥር በየሳምንቱ የሚለካ አንድ ሰው ብናሠለጥን፣ የውሃውንም ቀለም፣ ጥራቱንና የተደረገለትን እንክብካቤ ቢጽፍልን፣ ከሌላ አገር መመሪያ ይልቅ ለደጋችንና ለቈላችን የሚስማማ ምክር ለመስጠት እንችላለን። ዓሣዎቹን ማለዳ ሞተው ላገኛቸው ባለ ኩሬ ልንሰጠው የሚገባን ምላሽ «መድኃኒት ጨምርበት» ከሚለው የተሻለ መሆን አለበት ብለን እናምናለን።